ጆሴፍ ስቶሪን በ15 ደቂቃ ለክፍል ማቅረብ፦ ለሐዋሳ የሕግ ተማሪዎች

የአሜሪካ የሕግ ታሪክ ፕረዘንቴሽን ተሰጥቷችሁ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ጆሴፍ ስቶሪ ከደረሳችሁ አትጨነቁ። ጥሩ ሰው ነው የደረሳችሁ። ብቻ «በ1779 በማሳቹሴትስ፣ ማርብልሄድ ከተማ ተወለደ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ በተለይ ክፍለ ጊዜው ከምሳ በኋላ ከሆነ። የሐዋሳን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሁለተኛው ስላይድ ላይ ሳትደርሱ ግማሹ ክፍል ተኝቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ ስላይዳችሁም ላይ ጻፉት።)

መጀመሪያ ሁለት ፍርዶች አንብቡ። አንዱ የአሚስታድ ነው። ከአፍሪካ ታፍነው ኩባ ላይ የተሸጡ ሰዎች በ1839 የተጫኑባትን አሚስታድ የተባለች መርከብ በዐመፅ ይይዟታል። ወደ አገራችን መልሱን ይላሉ። በሕይወት የተዉአቸው ሁለት ስፔናውያን ግን ሌሊት ሌሊት አቅጣጫ እያሳቱ አሜሪካ ጠረፍ ያደርሷቸዋል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1841 ፍርዱን የጻፈው ስቶሪ ነው፦ ሰዎቹ የማንም ንብረት አይደሉም፣ ይለቀቁ።

ክፍሉ ደስ ብሎት ሳያበቃ 1842ን አምጡ። ማርጋሬት ሞርጋን የምትባል ሴት ያመለጠች ባሪያ ናት ተብላ ፔንሲልቬንያ ከሚገኘው ቤቷ ከነልጆቿ ተይዛ ወደ ሜሪላንድ ተወሰደች። ቢያንስ አንዱ ልጇ እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ ነፃ ግዛት ውስጥ የተወለደ ነበር። ከወሰዷት ሰዎች አንዱ፣ ኤድዋርድ ፕሪግ፣ ሰውን ለባርነት በጉልበት ከግዛቲቱ ማውጣትን በሚከለክለው የፔንሲልቬንያ ሕግ ተከስሶ ተፈረደበት። ያው ስቶሪ ግን ሕጉ ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው፤ ፕሪግም ነፃ ወጣ።

እዚህ ጋ ትንሽ ዝም በሉ። «አንድ ሰው በአንድ ዓመት ልዩነት ይህን ሁለቱን እንዴት ይጽፋል?» የሚለው ጥያቄ ቀሪውን 10 ደቂቃ ይሸከምላችኋል።

መልሱን ለማግኘት ወደ 1816 ተመለሱ፣ ማርቲንና ሃንተር ወደተከራከሩበት የመሬት ጉዳይ። የቨርጂንያ ፍርድ ቤት «የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእኔን ውሳኔ ማረም አይችልም» ብሎ እምቢ አለ። ስቶሪ ይችላል ብሎ ጻፈ፤ የፌዴራል ሕግ ትርጉም በየግዛቱ ከተለያየ አንድ ሕግ የለም ማለት ነው። ይህን ለጓደኞቻችሁ ለማስረዳት ሩቅ አትሂዱ። በክልል ሰበር ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው) ያለቀ ጉዳይ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት» ተብሎ ፌዴራል ሰበር ሲሄድ፣ ክልሎች ላይ የሚነሳውን ቅሬታ ክፍላችሁ ውስጥ ስንቴ ተከራክራችሁበታል? የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚለየውን የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 80 ከጎኑ አስቀምጡት። ልዩነቱንም ተናገሩ፦ እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

እንግዲህ ስቶሪ ባርነትን ይጠላ ነበር፣ ግን ከዚያ በላይ የሚፈራው ግዛቶች በየፊናቸው ሄደው የጋራው ሕግ እንዳይበተን ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ለማርጋሬት ምንም አልፈየደላትም እላለሁ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ የግዛት ባለሥልጣናት ያመለጡ ባሪያዎችን በመያዝ ሥራ ለመተባበር አይገደዱም የሚል ሐሳብ አለ፤ የሰሜን ግዛቶች በኋላ በደንብ ተጠቀሙበት።

የሕይወት ታሪኩን ከዚህ በኋላ በሁለት ስላይድ ጨርሱት። በ1811 ፕሬዝዳንት ማዲሰን ሲሾመው ዕድሜው 32 ነበር፣ በዚያ ፍርድ ቤት እስከ ዛሬ ከእሱ ያነሰ አልተሾመም። ያውም ወንበሩ ከእሱ በፊት ለጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተሰጥቶ ነበር፣ እምቢ አለ እንጂ። ይኸው አዳምስ ከ30 ዓመት በኋላ ለአሚስታዶቹ ሲከራከር ስቶሪ ችሎቱ ላይ ተቀምጦ ይሰማዋል። ይህቺን እንዳትረሷት፣ ክፍሉን ታነቃለች።

መጻሕፍቱን አትደርድሩ። በ1829 ዳኝነቱን ሳይለቅ ሃርቫርድ ማስተማር ጀመረ፣ ከዚያ እስከሞተበት 1845 ድረስ በላይ በላዩ ጻፈ። አንዱን ብቻ ምረጡ፦ የተለያዩ አገሮች ሕግ ሲጋጭ የትኛው ይሠራል የሚለውን፣ የ1834ቱን። ምሳሌው ቅርብ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ሐዋሳ ቤት፣ እዚያ ደግሞ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ትቶ ሞተ እንበል። በስቶሪ አካሄድ ቤቱ የሚወረሰው ባለበት አገር ሕግ ነው፤ ገንዘቡ ሟቹ መደበኛ መኖሪያው ባደረገበት አገር ሕግ።

መጻሕፍቱም ፍርዶቹም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ የቅጂ መብታቸው ካለፈ ቆይቷል። ልጁ ዊልያም በ1851 ያሳተመው የአባቱ ደብዳቤዎች ስብስብም አለ፣ የልጅ እጅ እንዳለበት እያወቃችሁ አንብቡት። ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይ፣ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ያዙ፤ መብራት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዳችሁ ጮክ ብላችሁ አቅርቡለት። ጓደኛችሁ 1842 ላይ በጥያቄ ካላቋረጣችሁ አቀራረባችሁን እዚያ ጋ አስተካክሉት።