በሕያው ድንጋይ ውስጥ ተደብቀው የሚመጡ እንስሳትን እንዴት መለየት ይቻላል

ለጨው ውኃ አኳሪየም የሚገዛው ሕያው ድንጋይ፣ በሻጮቹ አጠራር «ላይቭ ሮክ»፣ ዋጋ የሚያወጣው በቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምክንያት ነው። ባክቴሪያዎቹ ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን ያስጠለለው ቀዳዳ ትሉንም፣ ሸርጣኑንም፣ ቀንድ አውጣውንም ያስጠልላል፤ ድንጋዩ ከባሕር ሲወጣም አብረውት ይወጣሉ። ከእነዚህ እንስሳት አብዛኞቹ ምንም ጉዳት የሌላቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ዓሣው ያልደረሰበትን ፍርፋሪ እየለቀሙ ውኃው እንዳይበላሽ ያግዛሉ። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር በታየ ቁጥር መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት የታየው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ነጭ ሳፋ፣ ረጅም ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ እና ወፍራም የጎማ ጓንት። ቀይ ባትሪ ካልተገኘ በተራ ባትሪ አፍ ላይ ቀይ ፕላስቲክ በላስቲክ ማሰር ይበቃል፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ባትሪ ከዚህ የተሻለ አያሳይም። ስስ የሕክምና ጓንት የትል ፀጉር ስለሚበሳው አይታመንም። ፎቶግራፍ ተመልክተው ስም የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎችንም አልመክርም፤ ከቀዳዳ ጫፉን ብቻ ያወጣን ትል ለመለየት የሚሰጡት መልስ ከግምት አያልፍም። ስልኩ የሚጠቅመው ቪዲዮ ለመቅረጽ ነው፤ እንስሳው ሲሸሽ ዓይን የሳተውን እግርና አንቴና ቪዲዮውን እያዘገሙ መቁጠር ይቻላል።

ድንጋዩ እንደ ደረሰ የመጣበት ውኃ መደፋት የለበትም። በጉዞ የተጨነቁ እንስሳት ከቀዳዳቸው ወጥተው የሚገኙት በዚያ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ወደ ነጩ ሳፋ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያም በሌላ ሳፋ ጨው የበዛበት ውኃ ይዘጋጃል፤ የአኳሪየም ውኃ ሃይድሮሜትር በተባለው የውኃ እፍጋት መለኪያ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 1.025 ገደማ ሲሆን፣ ይኸኛው ወደ 1.035 ከፍ ይላል። ድንጋዩን አንድ ደቂቃ ያህል ነክሮ፣ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አዙሮ ማራገፍ ሸርጣኖችንና ብዙ ትሎችን ያስወጣል። ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ መንከር ብዙዎች የሚወዱት አቋራጭ ነው፤ ነገር ግን ጠቃሚውንም ጎጂውንም ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ስለሚገድል፣ የሚበሰብሰው ሥጋ አሞኒያውን ያንረዋል። ድንጋዩን መቀቀል ደግሞ በምንም ምክንያት መሞከር የለበትም። ዞአንተስና ፓሊቶአ የሚባሉት ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ እንስሳት ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ በእንፋሎቱ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ።

ከዚህ በኋላ ድንጋዩ ማሞቂያና ፓምፕ ባለው የተለየ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ አሞኒያው እየተለካም ውኃው ይቀየራል።

ዋናው ምርመራ ሌሊት ነው። መብራቱ ከጠፋ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ትንሽ የሽሪምፕ ሥጋ ከድንጋዩ ሥር አስቀምጦ በቀይ ብርሃን መመልከት ነው፤ ከእነዚህ እንስሳት ብዙዎቹ ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለማያዩ ሳይደናገጡ ይወጣሉ። የድንጋዩን ቅርጽ በወረቀት ላይ ነድፎ የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጣ፣ ምን እንደ በላና ወደ የት እንደ ሸሸ መጻፍ ከሁሉ በላይ ይረዳል። በዚህ ሥራ ቀለም ያሳስታል፤ አንዱ ዝርያ ብቻውን በብዙ ቀለም ሊገኝ ይችላል። የአካል አሠራርና ጠባይ ግን እንደዚያ አይለዋወጡም።

ትልን ከትል መለየት የምርመራው አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከአካሉ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ነው። በብዛት የሚገኘው ብሪስል ዎርም ነው። አካሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቀለሙም ከሐመር ሮዝ እስከ ግራጫ የሚደርስ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ በእያንዳንዱ አንጓው ላይ ነጭ የፀጉር ችፍግ አለው። ይህ ፀጉር እንደ ጨጓሬ ፀጉር ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ያቃጥላል፤ ስለዚህም ትሉ በወረንጦ እንጂ በእጅ አይያዝም። የሞተ ዓሣ ላይ ተሰብስበው ሲገኙ ገዳይ እየተባሉ ይከሰሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የደረሱት ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው። ከመጠን በላይ ሲበዙ ምክንያቱ የተረፈ ምግብ መብዛቱ ስለሆነ፣ ወጥመድ ከመግዛት ይልቅ ምግቡን መቀነስ ይሻላል።

ከእርሱ ጋር የሚምታታው የእሳት ትል የሚባለው ሄርሞዲሴ ካሩንኩላታ ነው። ይህ በአትላንቲክና በሜዲትራኒያን ባሕር የሚገኝ ሲሆን፣ ሰውነቱ ወፈር ያለ፣ ከነጩ ፀጉር ሥር ቀይ ወይም ብርቱካንማ የቅርንጫፍ ቅርጽ ያላቸው መተንፈሻዎች የተደረደሩበት፣ በራሱ ላይም የታጠፈ ሥጋ የሚመስል ጉብታ ያለው ነው። ሕያው ኮራል ስለሚበላ መውጣት አለበት።

ሦስተኛው የዩኒስ ወገን ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ብሪስል ዎርም ለምግብ ሲወጣ ድንጋዩን እየዳበሰ በዝግታ ይሳባል፤ ከአካሉም ብዙውን ክፍል ያሳያል። ዩኒስ ግን ራሱን ብቻ ከቀዳዳው አፍ ላይ አውጥቶ፣ በራሱ ላይ ያሉትን አምስት አንቴናዎች ዘርግቶ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ምግቡ ሲቀርብ በመንጋጋዎቹ ቀልቦ ይገባል፤ ፍጥነቱም ያየውን ሰው ስለ ማየቱ እንዲጠራጠር ያደርገዋል። የጎኑ ፀጉር እንደ ብሪስል ዎርም ጎልቶ አይታይም፤ ቆዳው ግን ለስላሳና ብርሃን ባረፈበት አቅጣጫ ኅብረ ቀለም የሚያሳይ ነው። አንዳንዶቹ በልጋግ የተጣበቀ የአሸዋና የዛጎል ስብርባሪ መተላለፊያ ስለሚሠሩ፣ ይህም ትሉ በማይታይበት ቀን እንኳ ምልክት ይሆናል። እንግዲህ አንቴናዎቹን መቁጠር የፍርዱ መሠረት ነው፤ ቪዲዮው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የዩኒስ ወገን ሁሉ አጥፊ ነው ማለት አይደለም፤ ትንንሾቹ ፍርፋሪና አልጌ እየበሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ከዚሁ ወገን የሆነው ቦቢት ዎርም እስከ 3 ሜትር የሚረዝምና ዓሣ የሚያድን ስለሆነ፣ ራሱ ከእርሳስ የሚወፍር ዩኒስ ከታየ ድንጋዩን እንዳለ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ይመረጣል። በወረንጦ ጎትቶ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ትሉ ግን ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይበጠሳል፣ ራሱ ያለበት ክፍል ውስጥ ከቀረም ጅራቱን መልሶ ያበቅላል።

ሸርጣን ሲገኝ መቆንጠጫው ይታያል። ጫፉ ሾጣጣና ጥቁር፣ አካሉም ፀጉራም ከሆነ ሥጋ በል ሊሆን ስለሚችል ከኮራልና ከትንንሽ ዓሣ ጋር መተው አይገባም። የመቆንጠጫው ጫፍ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አልጌ ፋቂ ነው። ፖርሴሊን የሚባለው ጠፍጣፋ ሸርጣን ደግሞ ከመቆንጠጫው ሌላ በግልጽ የሚታዩት የመራመጃ እግሮች ሦስት ጥንድ ብቻ ስለሆኑ በቀላሉ ይለያል፤ ሌሎቹ አራት ጥንድ አላቸው። እርሱ በአፉ ዙሪያ ያሉትን ማራገቢያዎች እያወዛወዘ ከውኃ የሚያጠልለውን ስለሚመገብ ጉዳት የለውም።

ሌሊት ከድንጋዩ ውስጥ የመስበር ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ማንቲስ ሽሪምፕ ነው ብሎ መደምደም አያስፈልግም። ፒስቶል ሽሪምፕም ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል፤ እርሱ አንደኛው መቆንጠጫው ከሌላው በጣም የሚተልቅ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ዓሦች የሚያሰጋ አይደለም። ማንቲስ በዘንግ ላይ የተተከሉና ለየብቻ የሚዞሩ ዓይኖች፣ ከደረቱ ሥር የታጠፉ መምቻ ክንዶችም አሉት። ዛጎላቸው የተሰባበረ ቀንድ አውጣዎች በአንድ ቀዳዳ አጠገብ ከተገኙ የማን ሥራ እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ ወደዚያ ቀዳዳም ጣት አይገባም።

ተጣብቀው ከሚኖሩት ውስጥ ወዲያው እርምጃ የሚሻው አይፕታዥያ ነው። ቡናማና ገርጣ ያለ፣ ረጅም አንገት ያለው፣ መዳሰሻዎቹም ወደ ጫፍ የሚቀጥኑ ትንሽ አኒሞን፣ ማለትም አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ ሲሆን፣ ሲነካ በቅጽበት ወደ ቀዳዳው ይሰበሰባል። ማጃኖ የሚባለው ሌላ አኒሞን ግን አጠር ያለና የመዳሰሻዎቹ ጫፍ የሚያብጥ ነው። አይፕታዥያን በቢላዋ መፋቅ ያባዛዋል፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ቁራጭ ራሱን የቻለ አዲስ አኒሞን ይሆናልና። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ወይም በርጊያ የተባለው ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ ይበላዋል፤ እኔ ግን ጥቂት ከሆኑ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለጥፍ አንድ በአንድ መድፈን እመርጣለሁ፤ ሽሪምፑ የታሰበለትን ትቶ ሌላ ምግብ ሊያሳድድ ይችላል።

ከጠንካራ ቱቦ ውስጥ የላባ አክሊል ከወጣ ፌዘር ደስተር የሚባለው ትል ነው፤ ሊጠበቅ ይገባል። ከተመሳሳይ ቱቦ የሸረሪት ድር የመሰለ ልጋግ ከተዘረጋ ግን ቨርሜቲድ የሚባለው ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ ቱቦው ከሥሩ ይሰበርና አፉ በሙጫ ይደፈናል።

ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ጋር ከሚዛመዱት ጥቃቅን እንስሳት ውስጥ በመስታወቱ ላይ የሚርመሰመሱት ኮፔፖዶችና በጎን በኩል ጠፍጠፍ ያሉት አምፊፖዶች የዓሣ ምግብ ናቸው። ከጀርባ ወደ ሆድ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ዓይኖቹ የራሱን ብዙ ክፍል የሸፈኑ፣ በፍጥነት የሚዋኝ አይሶፖድ ከታየ ግን ሲሮላኒድ የተባለው ሊሆን ይችላል። እርሱ ዓሣ ላይ ተለጥፎ ስለሚመገብ አለመኖሩ ካልተረጋገጠ በስተቀር ዓሣ ወደ ገንዳው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሳይለይ የቀረ ሸርጣን ወይም ቀንድ አውጣ ቢኖር፣ ውኃ በሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ሣጥን ውስጥ አድርጎ አልጌ ያለበት ጠጠር፣ የሞተ ሽሪምፕ ቁራጭና አንድ ትንሽ ሕያው ቀንድ አውጣ ማቅረብ ነው። አልጌውን ወይም የሞተውን ብቻ ከበላ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ሕያው ቀንድ አውጣውን ከነካ ከዋናው ገንዳ ሥር ባለው የማጣሪያ ሳጥን ውስጥ፣ ከዓሣና ከኮራል ርቆ ሊኖር ይችላል።