ቪአር መነጽር ክፍል ውስጥ፦ ተማሪው ተደንቆ ብቻ እንዳይቀር

ይሄ ጅማ ላይ ባዮሎጂ ለምታስተምሩ ነው። ቪአር ማለት መነጽር አድርጎ ዙሪያውን የሚያይ ሰው እዚያው ቦታ ውስጥ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነው። ውድ መነጽር አያስፈልግም። ጎግል በፈረንጆቹ 2014 ያወጣው ዓይነት የካርቶን መነጽርና ስልክ ይበቃል። ስልኩ ግን ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለካ ሴንሰር) ይኑረው፤ ያለዚያ ልጁ ጭንቅላቱን ሲያዞር ምስሉ አይከተለውም። የምታሳዩትን 360 ዲግሪ ቪዲዮ (በሁሉም አቅጣጫ ዞር እያሉ የሚያዩትን) ማታ ኔትወርክ ሲሻል አውርዱ፣ መብራት ሳይጠፋም ቻርጅ አድርጉ (ያው ታውቁታላችሁ)።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መነጽሩ ሲመጣ ክፍሉ ይጯጯሃል፣ ሁሉም "እኔ ልየው" ይላል፣ እናንተም ትምህርቱ የገባቸው ይመስላችኋል። አትሸወዱ። በፈረንጆቹ 2018 ፓሮንግና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ሴል በቪአር የተማሩትን በተራ ስላይድ ከተማሩት ጋር ሲያወዳድሩ፣ ቪአር ያዩት የበለጠ ተደስተዋል፤ ፈተናው ላይ ግን የስላይዶቹ በለጡ። ቪአሩን ከፋፍለው እያዩ በየመሃሉ የተረዱትን የጻፉት ደግሞ ዝም ብለው ካዩት የተሻለ ውጤት አመጡ፣ ፍላጎታቸውም አልቀነሰም።

ስለዚህ መነጽሩን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ስጡ፤ "ቀይ የደም ሴል ምን ይሸከማል?" ዓይነት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዩ፣ ያውልቁ፣ ደብተራቸው ላይ በራሳቸው አባባል ይጻፉ። በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ እንደሚቀናቸው። መነጽሩ ለሁሉም ባይደርስ ችግር የለውም፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ይጽፋል።

ቁጭ ብለው ይዩ። ያጥወለወለው ልጅ ወዲያው ያውልቅ፣ አታስገድዱት። ያንኑ ቪዲዮ በስልኩ ስክሪን ይየው።