የአሜሪካን የቅኝ ግዛት ዘመን በሦስት ጥያቄ እንዴት እናጥና?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖችን አስጠናለሁ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ተማሪዎቼ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች፣ ኡበር የሚነዱ ጎልማሶች፣ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የጥያቄና መልሱን ወረቀት ሸምድደው ነው የሚመጡት። ጠያቂው አነጋገሩን ትንሽ ለወጥ ሲያደርገው ግን የሸመደዱት ይጠፋባቸዋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የቅኝ ግዛቱ ዘመን ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ስሞቹም ለጆሯችን እንግዳ ናቸው።

እኔ የማስጠናው በሦስት ጥያቄ ነው። መሬቱ የማን ነበር? ማን አረሰው? ግብሩን ማን ጣለ፣ ማንስ ከፈለ? ስለ ገባርና ስለ ጭሰኛ እየሰማ ላደገ ሰው እነዚህ አዲስ ጥያቄዎች አይደሉም። የትኛውም ክስተት ሲገጥማችሁ ሦስቱን ጠይቁት። የነገሩ ምክንያት ከገባችሁ ዓመተ ምሕረቱን መያዝ ይቀላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከጀምስታውን ጀምሩ

ብዙ ሰው ታሪኩን ከሜይፍላወር መርከብና ከታንክስጊቪንግ ይጀምራል። እንዲህ ከጀመራችሁ ነገሩ ሁሉ የሃይማኖት ስደት ይመስላችኋል። የመጀመሪያዋ ቋሚ የእንግሊዞች ሰፈር ጀምስታውን፣ ቨርጂኒያ ግን በ13 ዓመት ትቀድማለች፤ የተቆረቆረችውም ለትርፍ ነው። የለንደን ባለሀብቶች ገንዘብ አዋጥተው ቨርጂኒያ ኩባንያን አቋቋሙ። ከንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ፈቃድ አገኙ። በሜይ 1607 መቶ ያህል ወንዶችና ልጆች ዛሬ ጄምስ ወንዝ በሚባለው ዳር ሰፈሩ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚህ ጠይቁ። መሬቱ የፓውሃታን ሕዝቦች ነበር። 30 ያህል ነገዶችን በሥሩ ያደረገ ዋሁንሰናካው የሚባል ታላቅ መሪ ነበራቸው። እንግሊዞቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነፍስ የዘሩት በእነሱ በቆሎ ነው። ጠብ ተነሥቶ በቆሎው ሲቀር በ1609 እና በ1610 መካከል ባለው የብርድ ወራት ረሀብ ገባ። ከ300 ያህል ሰፋሪዎች የተረፉት 60 ገደማ ናቸው።

ቅኝ ግዛቷን ያቆማት ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ የሚባል ሰፋሪ በ1612 ገደማ ከካሪቢያን አካባቢ የመጣ ዘር ሞከረ፤ ለንደን ላይም ገበያ አገኘ። ትምባሆ መሬት ያደክማል። ብዙ ጉልበትም ይፈልጋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቨርጂኒያ ታሪክ የሚሄደው በእነሱ ነው። መሬት ሲደክም ሰፋሪው ወደ ፓውሃታኖች ርስት ገፋ። እነሱም በ1622 ተነሥተው 347 ሰፋሪዎችን ገደሉ፤ ጦርነቱ ለዓመታት ቀጠለ። ጉልበቱስ ከየት መጣ?

1619ን ለብቻው አጥኑት

እዚህ ዓመት ላይ ተማሪዎቼን አላስቸኩልም። ጁላይ 30 ቀን ከየሰፈሩ የተመረጡ ሰዎች ጀምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጉባኤ ተቀመጡ። በአሜሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች ውስጥ የመጀመሪያው የተመራጮች ምክር ቤት ይህ ነው። በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ዋይት ላየን የምትባል መርከብ ፖይንት ኮምፈርት ላይ፣ ማለትም በዛሬው ሃምፕተን፣ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያንን አወረደች። ሰዎቹ ዛሬ አንጎላ ባለችበት ምድር ከንዶንጎ መንግሥት የተማረኩ ናቸው። ወደ ሜክሲኮ ይወስዳቸው ከነበረ የፖርቹጋል መርከብ ተዘርፈው ነው ቨርጂኒያ የደረሱት። በስንቅ ተለወጡ።

ራስን ማስተዳደርና ባርነት በአንድ በጋ፣ በአንድ ቅኝ ግዛት ተገናኙ። አንዱን ያለ ሌላው አታጥኑ።

በመጀመሪያ ትምባሆውን በብዛት ያለሙት የእንግሊዝ ድሆች ናቸው። የመርከብ መሳፈሪያ ስለሌላቸው ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግሉ ፈርመው ይመጡ ነበር። ጊዜያቸውን ጨርሶ በሕይወት የቆየ ነፃ ይወጣል። ለአፍሪካውያን ግን በሩ በሕግ እየተዘጋ ሄደ። በ1662 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ብሎ ደነገገ። አባቱ ጌታዋ ራሱ ቢሆን እንኳ ከባሪያ የተወለደ ባሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳስረዳ አንዲት እናት “ታዲያ ሆዷንም ሳይቀር አስቀድመው ሸጡት በሉኛ!” አሉኝ። ሕጉን ከእሳቸው የተሻለ ያስረዳልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ሰሜኑን በምክንያት ለዩት

ሜይፍላወር በ1620 ይዛ የመጣቻቸው 102 መንገደኞች ፕሊመዝ ላይ ሰፈሩ፤ በመጀመሪያው ብርድ ግማሽ ያህሉ ሞቱ። የተረፉትን የረዷቸው ማሳሶይት የሚባል መሪ የነበራቸው ነባር ሕዝቦች፣ ዋምፓኖአጎች፣ ናቸው። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም በ1675 ከእንግሊዞች ጋር ጦርነት ገጠመ። ከታንክስጊቪንጉ ማዕድ እስከዚያ ጦርነት ድረስ ምን እንደተለወጠ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። መልሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ አለ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ማሳቹሴትስ ቤይ 1630፣ ፒውሪታኖች (የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እናጥራ ያሉ ፕሮቴስታንቶች)። ሮድ አይላንድ 1636፣ ከማሳቹሴትስ የተባረረው ሮጀር ዊሊያምስ። ሜሪላንድ 1634፣ ለካቶሊኮች መጠጊያ። ኒው ዮርክ 1664፣ ከሆላንዶች የተነጠቀች። ፔንሲልቫኒያ 1681፣ ኩዌከሩ (ጦርነትን የሚቃወም የክርስቲያን ወገን አባል) ዊሊያም ፔን።

13ቱን ቅኝ ግዛቶች በጣት ለመቁጠር አራት፣ አራት፣ አምስት በሉ። ሰሜን፦ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ኮኔቲከት፣ ሮድ አይላንድ። መካከል፦ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ደላዌር። ደቡብ፦ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ጆርጂያ።

ግብሩን ከብራዶክ ሮድ ተነሥታችሁ ተከተሉት

ብራዶክ ሮድ ሜትሮ ጣቢያ ስንቶቻችን እንወርዳለን! ኤድዋርድ ብራዶክ የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። በአፕሪል 1755 አሌክሳንድሪያ ውስጥ በነጋዴው በጆን ካርላይል ቤት አምስት አገረ ገዥዎችን ሰበሰበ። ቤቱ ዛሬም ኖርዝ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አለ፤ ገብታችሁ እዩት። ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ቅኝ ግዛቶቹ ገንዘብ ያዋጡ አለ። ገዥዎቹ ምክር ቤቶቻችን እሺ አይሉም አሉት። ብራዶክ በጁላይ ሞኖንጋሂላ ወንዝ አጠገብ ቆስሎ ሞተ፤ ወጣቱ ጆርጅ ዋሽንግተን አብሮት ነበር። በ1763 እንግሊዝ አሸነፈች፤ ዕዳዋ ግን ከበደ። የብራዶክ ጥያቄም ተመልሶ መጣ።

በ1763 ንጉሡ ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ መስፈርን ከለከለ፤ መሬት የቋመጡት ተቆጡ። በ1765 የቴምብር ቀረጥ መጣ፦ በጋዜጣ፣ በውል፣ በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሁሉ። አገር ቤት ማመልከቻ ላይ ቴምብር የለጠፈ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቁጣው ግን ከብሩ መጠን ይልቅ በጣዩ ላይ ነበር። ፓርላማው ውስጥ አንድም የመረጡት ሰው የላቸውም። ቀረጡ በ1766 ተነሣ፤ በ1767 ደግሞ በመስታወት፣ በወረቀት፣ በቀለምና በሻይ ላይ ሌላ ተጣለ። ማርች 5፣ 1770 ቦስተን ላይ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የአፍሪካና የነባር ሕዝቦች ዘር ያለው ክሪስፐስ አተክስ ነው። ዲሴምበር 16፣ 1773 ቀረጡን የተቃወሙ ሰዎች ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። እንግሊዝ ወደቡን ዘጋች። አፕሪል 19፣ 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የነፃነቱ ጦርነት ተጀመረ።

ስለዚህ ቅኝ ተገዥዎቹ ለምን ተዋጉ ስትባሉ “ያለ ውክልና ግብር ስለተጣለባቸው” በሉ። ከኋላው ያለውን ሰንሰለት ካወቃችሁ ጠያቂው በየትም በኩል ቢመጣ አትደናገጡም።

ሁለተኛውን ጥያቄ እዚህም አትርሱት። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው የንጉሥ አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከዓመፀኞች ጌቶቻቸው አምልጠው ለእሱ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነፃነት ሰጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መጡ። ክፍለ ጦሩ “ኢትዮጵያን ሬጅመንት” ተባለ። ሰዎቹ ከእኛ አገር የሄዱ አይደሉም፤ በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ጥቁር አፍሪካዊን ሁሉ እንዲህ ይጠሩ ነበር። ብዙዎቹን ፈንጣጣ ፈጃቸው። በጁላይ 4፣ 1776 የነፃነት አዋጅ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ሲባል ስትሰሙ እነሱንም አስቧቸው።

ዓመቶቹን ከምታውቁት ጋር እሰሩ

ሃርቫርድ በ1636 ሲቋቋም ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ። ፊላደልፊያ ስትመሠረት፣ በ1682፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነገሡ። ከቦስተኑ ግድያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1769፣ ዘመነ መሳፍንት ጀመረ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 በአሮጌው አቆጣጠር ነበሩ፤ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ነበር። ዋሽንግተን በአሮጌው ፌብሩዋሪ 11፣ 1731፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ተወለደ። ሁለት የተለያየ ቀን ብታዩ አትደናገሩ።

ሄዳችሁ እዩት

ከአሌክሳንድሪያ ጀምስታውን መንገዱ ካልተዘጋጋ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሁለት ጀምስታውን እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ። አንደኛው ምሽጉ በቁፋሮ የተገኘበት እውነተኛው ቦታ ነው። ሁለተኛው መርከቦቹና ቤቶቹ በአምሳያ የተሠሩበት ሙዚየም ነው፤ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ይሄኛው ይሻላቸዋል። ከጀምስታውን በዊሊያምስበርግ በኩል እስከ ዮርክታውን 23 ማይል የሆነ ያማረ መንገድ አለ። ዮርክታውን በኦክቶበር 1781 የእንግሊዝ ጦር እጁን የሰጠባት ናት። በዚያው ቀን ሃምፕተን ፎርት ሞንሮን ጨምሩ፤ የ1619ኞቹ የወረዱበት ዳርቻ እዚያ ነው። በየደረሳችሁበት ሦስቱን ጥያቄዎች ልጆቹ ይጠይቁ፣ እናንተ በእንግሊዝኛ መልሱ።