ለሥነ ጥበብ ዶክትሬት ሴሚናር አንድ ሥራ ማቅረብ፦ ከዝግጅት እስከ ማግስቱ

በሥነ ጥበብ የዶክትሬት ሴሚናር አብዛኛው አቅራቢ የሚበላሽበት በዕለቱ ንግግር ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ምን ይዞ እንደሚገባ ሲወስን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ እንዳለ፣ አርባ ሥዕል፣ ሦስት ፈላስፋ ጨምሮ ይዞ ይመጣል። ሰሚው የቱን እንደሚይዝ ይጠፋውና አስተያየቱ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ሆኖ ይቀራል። አንድ ሥራና አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

ጥያቄው ሥራውን በማየት «አይደለም» ሊባል የሚችል መሆን አለበት። ለምሳሌ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን የመስታወት ሥዕል እንውሰድ። ሦስት ክፍል አለው፤ በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። «ሥራው የአፍሪካን ነፃነት ይገልጻል» ብሎ መግባት ዋጋ የለውም፤ ማንም አይከራከረውም። «ብርሃኑ በቀኑ ውስጥ ሲለዋወጥ ከሦስቱ ክፍሎች የትኛው ጎልቶ ይወጣል? ይህስ የታሪኩን ቅደም ተከተል ይደግፋል ወይስ ያፈርሳል?» የሚለው ግን በዓይን ይፈተናል፤ ሰውም ያከራክራል።

ጥያቄው እንዲህ ከሆነ ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ አይበቃም። ቦታው ድረስ ሂዱ። አዳራሹ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሆነ የመግቢያ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያ ያዙ፤ ፎቶ ማንሳት እንደሚፈቀድም አረጋግጡ። ከተቻለ ከአንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት የካሜራ ማስተካከያ፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ አንሱ። ካሜራውን «አውቶማቲክ» ላይ ከተዋችሁት ብርሃኑን ራሱ እያስተካከለ ልታሳዩት የፈለጋችሁትን ልዩነት ያጠፋባችኋል። ቢያንስ በአንዱ ፎቶ ውስጥ ሰው ቆሞ ይታይ፤ አለበለዚያ በፕሮጀክተር ላይ 150 ካሬ ሜትር መስታወትና ፖስትካርድ አንድ ይሆናሉ። ሕንፃው ታድሶ ዳግም የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. ስለሆነ ፎቶው ከዕድሳቱ በፊት ይሁን በኋላ የተነሳ መጻፍ ግድ ነው።

የምታሰራጩት ጽሑፍ ከ8 እስከ 10 ገጽ ይሁን፤ ከሴሚናሩ ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ ይድረስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ለዓይን ብቻ ስጡ፦ መጠን፣ ቁስ፣ ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ፣ ቀለሙ የት ይጠነክራል የት ይሳሳል፣ የመስታወቱ ቁርጥራጮች የሚጋጠሙበት መስመር የሰውን ቅርጽ ይከተላል ወይስ ይቆርጠዋል? «ጥልቅ ስሜት ይፈጥራል»፣ «ተመልካቹን ይማርካል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሰርዙ፤ ሌላ ሺህ ሥራ ላይ ቢለጠፉም ያው ናቸው። ንድፈ ሐሳብ ከሦስተኛው ገጽ በፊት አይምጣ። ቀድሞ ከመጣ አንባቢው ሥዕሉን ትቶ ስለ ፈላስፋው መከራከር ይጀምራል፤ የሴሚናሩ 90 ደቂቃም በዚያው ያልቃል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የእኛን ሰው ጽሑፍ ደጋግመው ያበላሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያን 1961 ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው የተፈረመው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1963) ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ በጅምላ 8 መቀነስ ያሳስታል። ወሩ ካልታወቀ እ.ኤ.አ. 1961ን «1953/54» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ስም ነው። ዞቴሮን የመሰሉ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሞች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይገለብጡታል፤ አፈወርቅ «ተክሌ፣ አ.» ሆነው ይወጣሉ። የስም መሙያውን ወደ አንድ ሳጥን ቀይሩትና ሙሉ ስሙን እንዳለ ጻፉ።

ፋይሉን በፒዲኤፍ ላኩ። በቆዩት የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ጻፉ። የፕሮጀክተር ቀለም ስለማይታመን ዋና ዋና ምስሎቹን በኤ3 ወረቀት በቀለም አሳትሙ። መብራት ቢጠፋም ሴሚናሩ ይቀጥላል።

በዕለቱ 90 ደቂቃውን እንዲህ ክፈሉት፦ 10 ደቂቃ ሁሉም በዝምታ እያየ የሚጽፍበት፣ 15 የእናንተ ማብራሪያ፣ 5 አጭር የማጥሪያ ጥያቄ፣ 45 ውይይት፣ 15 መዝጊያ። የዝምታውን 10 ደቂቃ አትቁረጡ። ሰው የራሱን እይታ ከጻፈ በኋላ የሌላውን አስተያየት ዝም ብሎ አይደግምም።

ትልቁ እንቅፋት አማካሪው ቀድመው ሲናገሩ ነው። ከእሳቸው በኋላ ማን ደፍሮ ይቃረናል? ይህን በዕለቱ ማስተካከል አይቻልም፤ ቀደም ብላችሁ ቢሯቸው ሄዳችሁ «ፕሮፌሰር፣ ተማሪዎቹ ከተናገሩ በኋላ ማሳረጊያውን ለእርስዎ ብንተውልዎትስ?» በሏቸው። ክብርም ነው፣ ውይይቱንም ያድናል። አወያይና ማስታወሻ ያዥ ከጓደኞቻችሁ መካከል ይመረጡ፤ አቅራቢው ራሱ እነዚህን ኃላፊነቶች መያዝ የለበትም።

ከውይይቱ 45 ደቂቃ የመጀመሪያውን 20 መልስ አትስጡ፤ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ የሚሰጥ አቅራቢ ውይይቱን የቃል ፈተና ያደርገዋል፤ ሰውም አስተያየቱን ትቶ መጠየቅ ብቻ ይጀምራል። አስተያየቱ ደብዛዛ ከሆነ አወያዩ «የት ላይ ነው ያዩት?» ብሎ ወደ ምስሉ ይመልሰው።

የራሳችሁን የስቱዲዮ ሥራ የምታቀርቡ ከሆነ ፎቶውን ትታችሁ ሥራውን ራሱን አምጡ፤ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፤ ግድግዳውንና መብራቱን አስተካክሉ። ጽሑፋችሁም «ለማስተላለፍ የፈለግሁት…» ብሎ አይጀምር። የወሰናችሁትን ጻፉ፦ ሦስተኛው የቀለም ንብርብር ለምን ተፋቀ፣ ሸራው ለምን ሳይቀባ ቀረ? ቀን የተጻፈበት የሥራ ማስታወሻ ደብተር ከሌለ ይህን ከዓመት በኋላ ማስታወስ ስለማይቻል ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት።

ከሴሚናሩ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ አስተያየቱ፣ የሰጠው ሰው፣ ውሳኔያችሁ። ውሳኔው «እቀበላለሁ»፣ «አጣራለሁ» ወይም «አልቀበልም» ይሁን፤ «አልቀበልም» ካላችሁ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ። ሁሉንም የተቀበለ ተማሪ የማንም ያልሆነ ምዕራፍ ይጽፋል። ሠንጠረዡን ለአማካሪያችሁ ላኩ፤ «አጣራለሁ» ላላችሁት እያንዳንዱ ረድፍ ቀነ ገደብ አስቀምጡለት።