ጤና አዳም፣ ሰፈፍ እና ፌስታል፦ ከቅጠል ጋር ስንውል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ቅጠል የማይሸትበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ይደረጋል፣ ለበዓል ቀጠማ ይጎዘጎዛል፣ ምች ሲመታ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ማታ ማታ ዕጣን ይጨሳል። ይሄ ሁሉ ለብዙዎቻችን ዝም ብሎ የቤት ልማድ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ወጣቱ ከተፈጥሮ ጋር መቀራረብ ይፈልጋል፤ ጠዋት ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ማመስገን፣ በገዛ እጁ ቅባትና ሳሙና መሥራት፣ የደረቀ ቅጠል በትንሽ ከረጢት ሰፍቶ ትራስ ሥር ማኖር። ደስ ይላል፣ እኔም አለሁበት። ግን ተፈጥሮን እናከብራለን እያልን ቅጠሉን ራሱን የምንይዝበት አያያዝ አንዳንዴ ያሳፍራል። እስቲ ብዙ ጊዜ የማያቸውን ልናገር፣ ቅደም ተከተሉን ተዉት።

ከስልክ የተቀዳ መንፈሳዊነት

ቲክቶክ ላይ የታሰረ ነጭ ቅጠል እያጨሰ ቤቱን የሚያጠራ ፈረንጅ አይታችኋል መቼም። ቅጠሉ ነጭ ሴጅ ይባላል፣ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች የሚያከብሩት ተክል ነው፣ ገበያው ሲደራ ከዱር እየተጋዘ መሸጡ እነሱኑ ሲያስቆጣ ቆይቷል። ይህን በዶላር ለማስመጣት የሚሯሯጥ የጅማ ልጅ ሳይ ግርም ይለኛል። ወይራ እኮ ደጃችን ነው። ከርቤ ሱቅ ይሸጣል። ዕጣኑም ከመተማና ከትግራይ ቆላ፣ ግንዱ እየተሸነተረ የሚለቀም የራሳችን ሙጫ ነው። የሚጨስ ነገር አላጣንም።

የራሳችንንም ቢሆን እንደ ፎቶ ማንሻ ስናየው ያው ነው። ኢሬቻ ላይ ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር የሚወርደው ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው ዋቃ ምስጋና ለማቅረብ ነው። አባ ገዳው ሲመርቅ ፊቱ ላይ ስልክ ደቅኖ መቆም፣ ሕዝቡ ምርቃቱን እየተቀበለ እያለ "እስቲ አንዴ ዞር በሉልኝ" ማለት፣ ይሄ ከተፈጥሮ ጋር መታረቅ አይደለም፣ ነውር ነው። ቡና ቀላ ሲቀርብም እንደዛው፤ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ሲመጣ ሽማግሌው ሳይመርቅ እጅ አይሰደድም። ካላወቃችሁ አጠገባችሁ ያሉትን ጠይቁ፣ ማንም አይከፋም።

ቅጠል በፌስታል ማስቀመጥ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጅማ ነው ያለነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድበት አገር ላይ ቅጠል ማድረቅ እንደ ድሬዳዋ አይደለም። ሰው ከገበያ በሶብላና ጠጅ ሳር ይገዛል፣ ከነፌስታሉ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ይተወዋል፣ በሳምንቱ ሲከፍተው ነጭ ፀጉር አብቅሎ ያገኘዋል። ከዚያ ደግሞ የሻገተውን ለይቶ አራግፎ ቀሪውን ሻይ ያፈላበታል። እባካችሁ። ሻጋታ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል፣ የሻገተ ቅጠል በሙሉ ይጣላል።

መቅጠፍ ያለባችሁ የጠዋቱ ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ጭብጥ ከሚሞላ ያልበለጠ አድርጋችሁ እሰሩ፣ እስሩ ሲወፍር መሐሉ ይበሰብሳል። ቁልቁል ስቀሉት፣ ጥላና ነፋስ ባለበት። ቆርቆሮ ላይ ማስጣትም አትጀምሩ፤ ፀሐይ ሽታውንም መልኩንም ይመጥጠዋል፣ የሚተርፋችሁ ድርቆሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስቀሉ ብቻ አይበቃም፣ ሰፌድ ላይ በስሱ በትናችሁ እሳቱ ወርዶ ሙቀቱ የቀረ ምድጃ አጠገብ አኑሩት፣ ጢስ ግን አያግኘው።

መድረቁን በእጅ ነው የምታውቁት። ግንዱን ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው። ደርቋል ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላም በማግስቱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ውስጡን እዩ። ግድግዳው ላይ ቀጭን የውሃ ጉም ካለ ቶሎ አውጥታችሁ እንደገና በትኑት።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ልጨምር። የተፈጨ ቅጠል አትግዙ። ዱቄት ከሆነ በኋላ ማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም። ሐሙስ ገበያ ላይ ያሉት እናቶች ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ አንዷን "እማማ፣ ይሄ ኮሰረት ነው?" ስትሏት አትመልስላችሁም፣ አንድ ቅጠል በጥሳ በሁለት ጣቷ አሽታ አፍንጫችሁ ሥር ታመጣዋለች። "አንተው ንገረኝ እስቲ ልጄ።" ያንን ሽታ አንዴ ከያዛችሁት ሁለተኛ አትታለሉም።

ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት

ስሙ ጤና ስላለበት ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ እንደ ፈላ ውሃ ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ጥቁር ምልክቱ ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቶሎ ስለማይታይም (አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይፈጅበታል) ሰው ሌላ ነገር ነው የሚጠረጥረው። ስለዚህ ፊት ያጠራል ተብሎ ጨምቆ መቀባት ይቅር። ብዙ ስትቀጥፉ ጓንት አድርጉ፣ ወይም ከሥራው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሎሚ ጭማቂም ይሄው ጠባይ አለው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጤና አዳምን ቀቅላ መጠጣት የለባትም፣ ማህፀን ያነሳሳል።

"ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም"

ይሄን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ አያቶቻችን ግን ለክተው ነው የሚጠጡት፣ ምክንያቱም ሲበዛ ዓይን ድረስ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ማርም ተፈጥሮ ነው። የጌራ ጫካ ማር ቢሆን እንኳ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፣ በዚያ ዕድሜ አንጀቱ የማይቋቋመው ተሐዋሲ ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል።

እንዶድን ደግሞ እዩት። ልብስ ያጸዳል፣ አረፋው ደስ ይላል፣ በእጅ የሚሠራ ሳሙና ለሚወድ ሰው ጥሩ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድዋ ላይ የታዘቡት ግን ሌላ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከዚያ ተነስተው ነው እንዶድን ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ያጠኑት። ዓሣም ይገድላል። እና አንድ ሰው "ኬሚካል አልጠቀምም፣ ተፈጥሮን ነው የምወደው" ብሎ የእንዶድ እጣቢውን አዌቱ ወንዝ ላይ ሲደፋ ምን ልበለው? ሳፋ ላይ እጠቡ፣ እጣቢውን ከወንዝ ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ ድፉት። ፍሬውን ልጅ ከማይደርስበት አኑሩ።

ቅባት ውስጥ ውሃ ማስገባት

በቤት የተሠራ ቅባት ቶሎ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ውሃ ነው። ሰው እርጥብ ቅጠል ቆራርጦ ዘይት ውስጥ ይነክራል፣ የቅጠሉ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ይሸታል። ቅጠሉ መጀመሪያ ይድረቅ።

ሰሙን መግዛት አያስፈልጋችሁም። ጠጅ ከሚጥል ሰው ሰፈፍ (ከማሩ የሚቀረውን ሰም) ለምኑ፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው የሚሰጣችሁ። በውሃ ቀቅላችሁ በነጠላ ቁራጭ አጥሉት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ላዩ ላይ ረግቶ እንደ ቂጣ ይነሳል፣ ሥሩ ላይ የለጠፈውን ጥቁር አተላ በቢላ ፋቁት። አሁንም በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት። እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አሙቃችሁ ትንሹን ዕቃ እሱ ላይ አኑሩት፣ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣልና የፈላ ውሃ ይበቃዋል። የቀዘቀዘ ማንኪያ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከደረቀባችሁ ዘይት፣ ከላላባችሁ ሰም ትጨምራላችሁ።

ሳሙና ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ፦ ኮስቲክ ሶዳውን ውሃው ላይ ትነሰንሳላችሁ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፈሱም፣ ይፈነዳባችኋል። አሉሚኒየም ድስትም አትጠቀሙ፣ ይበላዋል።

በር ዘግቶ ማጨስ

ዋናው አደጋ ዕጣኑ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ከሰል ነው። ለወይባ ጢስም ይሁን ለጸሎት፣ በር መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም አይታይም። ከሰሉ ደጅ ሙሉ በሙሉ ይቅላ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሲያልቅ ማጨሻው ከቤት ይውጣ። ማጨሻ አጠገብ እንቅልፍ አይታሰብም። አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ዕጣኑም ይቅርባችሁ።

ዛፉን አራቁቶ መሄድ

በለጠ ጌራ ጫካ ገብታችሁ ጥቁር እንጨት ካያችሁ ልጡ የተገፈፈ ግንድ ማየታችሁ አይቀርም። ይሄ ዛፍ ልጡ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ በዓለም ደረጃ ንግዱ ቁጥጥር ውስጥ የገባው ከ1995 ጀምሮ ነው፣ ይሄም በፈረንጅ። ዛፍ ምግቡን የሚያወርደው በልጡ በኩል ስለሆነ ዙሪያውን ከተላጠ ቆሞ ይደርቃል። ለአንድ ብልቃጥ ቅባት ብሎ መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ማድረቅ ምን ዓይነት መንፈሳዊነት እንደሆነ አልገባኝም። ቅጠል በቂ ሲሆን ልጥ አትንኩ፣ ቅርንጫፍ በቂ ሲሆን ሥር አትንቀሉ። ከአንድ ተክል ላይ ጥቂት ወስዳችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ። መስጊድ ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መቃብር ላይ ያለ ዛፍ ደግሞ ባለቤት አለው፣ ሳታስፈቅዱ አትቅጠፉ። ኮረሪማም ጫካ ውስጥ ስላያችሁት የማንም አይደለም ማለት አይደለም፣ የሚንከባከበው ገበሬ አለ።

ስጦታን መድኃኒት ማስመሰል

ለጓደኛ የሠራችሁትን ቅባት ወይም የሻይ ቅጠል ስትሰጡ ውስጡ ያለውን ሁሉና የተሠራበትን ቀን ጻፉበት። "ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለሁሉም" የሚል ነገር አትጻፉ። ያን አምኖ ኪኒኑን የሚያቆም ሰው አለ፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉት። ኪኒን የሚወስድ ሰው ቅጠል ቀቅሎ መጠጣት ከፈለገ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ቅጠል ከመድኃኒት ጋር አይስማማም። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ መደበቁ ነው ጣጣ የሚያስከትለው።

ጅማ ላይ ጦስኝ መትከል

በየዓመቱ የሚሞክር አይጠፋም። ጦስኝ የብርድ አገር ተክል ነው፣ ከ2200 ሜትር በላይ ነው የሚወደው፣ ጅማ ከተማ ደግሞ 1780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እርጥበቱም ሥሩን ያበሰብሰዋል። ለእኛ ጓሮ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳምና ግራዋ ሞልቷል፣ ጥላ ያለው ሰው ኮረሪማም ይሞክር። የጦስኝ ሻይ ካማራችሁ ደረቁን ግዙ፣ ወይም ባሌ ዘመድ ካላችሁ እሱን አስቸግሩት።