ውሃ ጠጥቶም የሚጠወልግ ሽንኩርት፦ የጣና ዳር መስኖ ችግርና መፍትሄ

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በፎገራ፣ በመራዊና በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው አትክልት የሚያድገው በመስኖ ነው። ነዳጁ ውድ ነው፤ የቦይ ተራም በልመና ይገኛል። ስለዚህ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሰብሉ በእውነት ውሃ ጠምቶት መሆኑን አረጋግጡ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ውሃ ይጨምራል። ሽንኩርቱን የሚጎዳው ግን ራሱ ውሃው ነው። ሥሩ አየር አጥቷል። በተለይ የፎገራ ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር አያልፍም። ከዚያ በታች የወረደ ውሃ ዩሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው በዚህም ጭምር ነው።

መፍትሄው እጃችሁ ላይ ነው። መደቡ መሃል አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡት። ከተድቦለቦለና በጣት ሲጫኑት ከተለጠጠ፣ ውሃውን አቆዩት። ከተፈረፈረ አጠጡ። የላይኛውን ደረቅ ቅርፊት አይታችሁ አትወስኑ፤ ፀሐይ ላዩን ቶሎ ታደርቀዋለች። በቆጋ መስኖ ገበሬዎች ዘንድ ተቀብሮ ውሃው ሥር ጋ ሲደርስ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ ተሞክሯል። ካገኛችሁት ጥሩ ነው። ካጣችሁት አካፋ ይበቃል።

አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ያለ ጥቅም የፈሰሰ 2 ሴንቲሜትር ውሃ 50,000 ሊትር ነው። ይህ ሁሉ በነዳጅ የተሳበ ነው! ያሳዝናል።

ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትሪፕስ የሚባለው ተባይ ነው፤ የግብርና ባለሙያ አማክሩ።

የትልሙ ራስ ረግረግ፣ ጫፉ ደረቅ

ትልሙ ረዝሟል፣ ወይም ሜዳው ወጣ ገባ ነው፣ ወይም ውሃው በብዙ ትልም ተከፋፍሎ ቀጥኗል። ቀጭን ውሃ ጫፍ ሳይደርስ ራሱ ላይ ይሰርጋል። ትልሙን ከመሃል ቆርጣችሁ አሳጥሩት። በአንድ ጊዜ ጥቂት ትልም ብቻ ክፈቱና ውሃውን ወፈር አድርጋችሁ ልቀቁት። ጫፍ ሊደርስ ሲል ቀንሱት። በሚቀጥለው ወቅት ከመትከላችሁ በፊት ሜዳውን አስተካክሉ። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ ሌላው ጥረት ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው ግን ደካማ ነው

መጀመሪያ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለውን ወንፊት እዩ። ጣና ዳር እምቦጭና ጭቃ ይዘጋዋል። ጫፉን ከደለሉ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ዙሪያውን በቅርጫት ከልሉት። ቀጥሎ የቱቦውን መጋጠሚያ ፈትሹ፤ አየር የሚያስገባ ከሆነ ሞተሩ ውሃ አይስብም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ሊሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተር እንደ ቆላው ከጥልቀት አይስብም። በጋው ሲገፋ ሐይቁም ይሸሻል። ሞተሩን ወደ ውሃው አቅርቡት። ረጅሙ ቱቦ በመግፊያው በኩል ይሁን።

ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ይበሰብሳል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እስከ መጨረሻው መጠጣቱ ነው። የማሳው ግማሽ ያህል ቅጠል አንገቱ ላይ ሲወድቅ ውሃውን አቁሙ። ነቅላችሁም አየር በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ አንገቱ እስኪደርቅ አቆዩት።