የእርጥበት ንባብ ሲዋዥቅ፦ የቅርብ ኢንፍራሬድ መለኪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በናሙናው ላይ ዓይን የማያየው ብርሃን አብርቶ ከሚመለሰው እርጥበቱን የሚገምተው ይህ መሣሪያ በቂ ጊዜ መሞቁና ነጭ ማጣቀሻው (ንባቡ የሚነጻጸርበት ነጭ ገጽ) መነበቡ አስቀድሞ ተረጋግጧል ብዬ እነሳለሁ።

በስፔክትረሙ (ናሙናው በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚያሳየው መስመር) ላይ ጩኸት፣ ማለትም የተዘበራረቀ መንቀጥቀጥ፣ ከበዛ አብዛኛውን ጊዜ የሃሎጅን አምፖሉ ደክሟልና ይቀየር፤ ከዚያም ነጭ ማጣቀሻው እንደገና ይነበብ። መነሻ መስመሩ (የስፔክትረሙ አጠቃላይ ከፍታ) ከፍ ዝቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የቅንጣቱ መጠን ተለውጧልና ወፍጮውንና ወንፊቱን መመርመር ይገባል። የጥሬ ዕቃው ዓይነት ቢቀየርም ንባቡ ካልተነቃነቀ በመስኮቱ መስታወት ላይ ዱቄት ተጋግሯል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ሌላ ነው፦ ጠዋት የእርጥበት ንባቡ ከላብራቶሪው የምድጃ ውጤት (ናሙናው ደርቆ ከክብደቱ መቀነስ ከሚገኘው እርጥበት) ይርቃል፤ ከሰዓት በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል ወይም ወደ ተቃራኒው ይዞራል። መንስኤው የናሙናው ሙቀት ነው። ውሃ ጎልቶ የሚታየው በ1450 እና በ1940 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ናሙናው ሲሞቅ የሃይድሮጅን ትስስሩ ስለሚላላ እነዚህ ጫፎች ወደ አጭር የሞገድ ርዝመት ይሸሻሉ፤ ካሊብሬሽኑ (ስፔክትረሙን ወደ እርጥበት ቁጥር የሚቀይረው ስሌት) የተሠራው ለብ ባሉ ናሙናዎች ብቻ ከሆነ ይህን ሽሽት እንደ እርጥበት ለውጥ ይቆጥረዋል። በአንድ ፋብሪካ አዲስ ዲቴክተር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) እስከ ማዘዝ ተደርሶ ነበር። የማስተካከያ መዝገቡ ሲገለጥ የጠዋቱ ፈረቃ ያስገባውን ባያስ (በንባቡ ሁሉ ላይ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ቋሚ ቁጥር) የከሰዓቱ ፈረቃ በተቃራኒ ምልክት ሲመልሰው መክረሙ ታየ፤ መሣሪያው ጤነኛ ነበር። በሌላ ቦታ ደግሞ ተራ የሚጠብቁት የናሙና ኩባያዎች የሚደረደሩት የመሣሪያው ማራገቢያ ሞቃት አየር በሚተፋበት ጎን ነበር።

ለማረጋገጥ ቀዝቃዛውን ናሙና በጥብቅ በተከደነ ኩባያ አንብቡት፤ ሳትከፍቱት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቆዩና ድገሙት። ከተከፈተ ወይ ጤዛ ይይዛል ወይ እርጥበቱን ያጣል፤ ፈተናውም ዋጋ የለውም። ንባቡ ከተለወጠ የአንዱን ናሙና ስፔክትረም በብርድም በሙቀትም ወስዳችሁ ካሊብሬሽኑ ውስጥ ጨምሩ፤ እስከዚያው ቀዝቃዛ ዕቃ ሳይለብ አይለካ። ባያስ የሚነካው የተለያየ እርጥበት ያላቸው በርካታ ናሙናዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሳሳቱ ብቻ ነው። ከዚያም በፊት ወደ ምድጃው የሄደው ናሙና አፉ በተከፈተ ከረጢት አለመጓዙን አጣሩ፤ ስንት ጊዜ መሣሪያው በላብራቶሪው ጥፋት ተወቅሷል!

«ናሙናው ከካሊብሬሽኑ ክልል ውጭ ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሥራ አቆመብኝ ብሎ የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው። አይጥፋ። ከአዲስ አቅራቢ የመጣ ዕቃ ማስጠንቀቂያውን ካስነሳ ናሙናው በላብራቶሪ ተመርምሮ ውጤቱ ከስፔክትረሙ ጋር ወደ ካሊብሬሽኑ ይግባ፤ እስኪገባ ድረስ ጭነቱ በላብራቶሪ ውጤት እንጂ በመሣሪያው ንባብ አይወሰን።